አዴ ሲቲና ያነበቡት መዝገብ

ባለፈው እሑድ የአዴ ሲቲና የሙት ዓመት ሰደቃ ሮቤ ቤታቸው ተደረገ። አዴ እኛ አገር ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። ልጃቸው ቀደም ብሎ ደውሎ፣ «ጋሼ ከድር፣ እርስዎ የእናቴ የሥራ ጓደኛ ነበሩ፣ እንዳይቀሩ» አለኝ። የሥራ ጓደኛ እንኳ አልነበርንም። እሳቸው የሕዝብ ተወካይ፣ እኔ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ አብረን የሠራነው በጠቅላላው ሁለት ከሰዓት በኋላ ነው። ይህን በስልክ ማስረዳት ስለታከተኝ «ኢንሻአላህ» አልኩት፤ ሄድኩም።

ከጎባ ሮቤ አሁን አጭር መንገድ ነው። የሻያ ወንዝን ድልድይ ሰው ስልኩን ሲነካካ ሳያየው ያልፈዋል። እኔ ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን መኪናው ጥቂት ስለነበር ወያላው በወንበሮቹ መካከል ጣውላ አጋድሞ ሦስት ሰው ይጨምራል፤ ሒሳቡ አንድ ብር፣ ጣውላው ላይ ለተቀመጠም ያው አንድ ብር። ሮቤ መናኸሪያ ሲወርዱ ጋሪዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ፈረሶቹ አፋቸው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎላቸው ገብስ ይበላሉ። ከጋሪዎቹ ጀርባ ያለው ጥግ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የኦሮምኛ ዘፈን ያሰማል። አዲስ ካሴት ከመጣለት ወር ሙሉ እሱኑ ነው፤ ስለዚህ ግጥሙን ሳልፈልግ በቃሌ ያዝኩት። ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ ሳልቫጅ ተራ ነበር። እዚያ መሬት ላይ ከተዘረጋው ልብስ መርጬ የገዛሁት ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፣ አራቱም አዝራሮቹ የተለያዩ። ከሳነቴ ተራራ ለሚወርደው የጎባ ብርድ ጥሩ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ አላወልቀውም፤ ባለጉዳዮች በስሜ ሳይሆን «ባለ ካፖርቱ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ልጃገረዶቹ ያኔ ነጠላ ሻሽ አስረው፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማ ተጫምተው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ጭቃው ሲበዛ ጫማውን አውልቀው በእጃቸው ይይዙታል።

ሥራዬ ጎባ ነበር፣ ፍርድ ቤት። የትኛው ፍርድ ቤት እንደነበር መናገሩ አያስፈልግም፤ አብዛኞቹ ሰዎች ሞተዋል፣ የቀሩትም ልጆች አሏቸው። የተቀጠርኩት በአማርኛ የእጅ ጽሕፈቴ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ሆነ። ኦሮምኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ቁቤውን ግን፣ የላቲኑን ፊደል ማለቴ ነው፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከአንደኛ ክፍል አስተማሪ ጋር ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተማርኩት። አጭሩ ድምፅ በአንድ ፊደል፣ ረጅሙ በሁለት። የአማርኛው የጽሕፈት መኪና ጨርቅ ለብሶ ዕቃ ቤት ገባ። እኔም ቀኑን ሙሉ መዝገብ እከፍታለሁ፣ መዝገብ እዘጋለሁ።

አዴ ሲቲና ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል ይበልጡ ነበር። ተወካይ ከመሆናቸው በፊት ጎባ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ረጅም ናቸው፣ የወንድ ሰዓት ያስራሉ። ስለሳቸው ከሚወራው ሁሉ የማስታውሰው የስም ጥሪውን ነው። ከክፍላቸው የቀሩ ሴት ልጆችን ስም ከዝርዝሩ አይሰርዙም ነበር። ልጅቷ ተድራ ይሁን ተጠልፋ እያወቁ ዓመቱ እስኪያልቅ በየቀኑ ስሟን ይጠራሉ። መልስ የለም። ቀጣዩን ይጠራሉ። ርዕሰ መምህሩ ይህ ምን ይጠቅማል ቢሏቸው፣ ወንዶቹም ይስሙት ብለው መለሱ ይባላል።

ለምክር ቤት ሲመረጡ ብዙ ሰው የጠበቀው ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ እንዲናገሩ ነበር። ስለሱም ተናግረዋል። እኛ ግን በሬዲዮ የሰማነውና ለወሬ የሆነው ሌላው ነው። የአጋርፋና የአካባቢው ገጠር ልጆች ሮቤ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስንቅ ሊያመጡ በእግራቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ልጅ የሚጠለፈው ዓርብ ነው። አዴ ሲቲና ኦሮምኛ ባጠበቀው አማርኛቸው፣ ሴት ልጆች ይማሩ ብለን ወስነናል፣ ውሳኔያችን ግን ክፍል ውስጥ ነው፣ እነሱ መንገድ ላይ ናቸው አሉ። ለሴቶቹ ማደሪያ ይሠራ አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የተጠለፈች ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ቃሏን የሚቀበላት ሴት ፖሊስ ትሁን አሉ። አንድ ቀን አነጋገራቸው አሥቆት አንድ ሰው ከአዳራሹ ሲሥቅ በሬዲዮው ተሰማ። ቆም አሉና ያንኑ ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና፣ ልክ እንደ ቅድሙ አድርገው ተናገሩት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ፋጡማ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሮቤ ወጥታ አጋርፋ መንገድ ላይ ተጠለፈች። የጠለፋት ሙስጠፋ ነው፣ የታላቅ ወንድሜ የሐጂ ሁሴን ልጅ። ወፍጮ ቤት አይቷት ነበር፤ ከዚያ በላይ ትውውቅ አልነበራቸውም። አባቷ ከሰሱ። ፖሊስ በአራተኛው ቀን ከአንድ ዘመዳችን ቤት አወጣት፣ ሙስጠፋም ታሰረ። ከመንገዱ ዳር በፌስታል የታሰሩ ደብተሮቿ ተገኝተው ኤግዚቢት ተብለው ፍርድ ቤት መጡ። የዕቃ ቤቱም ቁልፍ እኔ ጋ ነበር።

ሐጂ ሁሴን ቤቴ መጥቶ ሽማግሌ ሁን አለኝ። ወንድሜ ነው፣ አሳድጎኛል፣ ያስተማረኝም እሱ ነው። አምስት ሆነን ለልጅቷ አባት ሄድን። ከአምስቱ ሕግ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያን ጊዜው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባት ክሱ ይቀራል የሚል አንቀጽ ነበር። አንቀጹን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አባቷ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ በሁለተኛው ጊዜ ዝም አሉ፤ በሦስተኛው ከብቱም ተነዳ፣ የጋብቻው ፋቲሐም ተቀራ። ልጅቷ እጓሮ ካለው ቤት ውስጥ ነበረች። ማንም ገብቶ አልጠየቃትም። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ደም ሊፋሰሱ የነበሩ ሁለት ቤተሰቦች ታረቁ ብለው ደስ አላቸው፤ እኔም ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎኝ ነበር። እንዲያውም በዚያ ሰሞን እንቅልፌ ደህና ነበር።

ፍርድ ቤት የመጡት ከሳምንት በኋላ ነው፣ ፋጡማና አባቷ። ማመልከቻው በኔ እጅ ጽሕፈት ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ «ወድጄና ፈቅጄ አግብቼዋለሁ» ይላል። የጣት ቀለሙን አቀረብኩላት፣ አተመች። ኮሪደሩ ላይ አባቷ ከአንድ የሚያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ደብተሬን ስጡኝ» አለች። መዝገቡ ተዘግቶ ማዘዣ ካልተጻፈ ኤግዚቢት አይወጣም አልኳት። እውነቴን ነበር፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ማዘዣው ሲጻፍ ሙስጠፋ ባል ነውና ፈርሞ ደብተሮቹን ወሰደ። ምን እንዳደረጋቸው አልጠየቅሁም። በመዝገቡ ሽፋን ላይ «ተበዳይ ወድዳ ስለተጋባች ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ሌሎች መዝገቦችም ዘግቻለሁ።

ከዚያ በሁለተኛው ክረምት ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ሳለ አዴ ሲቲና ከፍርድ ቤታችን ፕሬዚዳንት የፈቃድ ደብዳቤ ይዘው መዝገብ ቤት መጡ። የወንጀል ሕጉ ሊሻሻል ነው፣ ያ አንቀጽም ለክርክር ይቀርባል አሉ፤ በእርቅ የተዘጉ የጠለፋ መዝገቦችን ማየት ይፈልጋሉ። አወጣሁላቸው። ከአቧራው የተነሣ ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። እኔ የትኛው እንደሆነ ከሽፋኑ ቀለም አውቄዋለሁ።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አሉ።

«የኔ ነው።»

«ሙስጠፋ ሁሴን አማን» ብለው ስሙን አነበቡ። «አንተስ ከድር ማን ነህ?»

«ከድር አማን።»

ቀና ብለው አላዩኝም። ገጹን ገለጡና ጣታቸውን የፋጡማ አሻራ ላይ አደረጉ። «ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ለምን በጣቷ ፈረመች?»

«ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር» አልኩ።

«የሷ ቃል እዚህ የለም። ምንም አላለችም?»

ምንም አላለችም ብል የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም። አባቷም አልሰሙም ነበር። «ደብተሬን ስጡኝ አለች» አልኳቸው። ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ መልሰው አሰሩት። ከዚያ መዝገቡ በኦሮምኛ ስለሆነ ለምክር ቤቱ በአማርኛ መተርጎም እንዳለበት፣ አማርኛዬ ከሳቸው እንደሚሻል ነግረውኝ፣ ሮቤ ቤታቸው እንድመጣ ጠየቁኝ።

ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሳሎናቸው ውስጥ በመስኮቱ በኩል የጎረቤት የስንዴ ማሳ ይታያል። እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው በተማሪ ደብተር ይገለብጣሉ። ከተረጎምኳቸው ሁሉ ያስቸገረችኝ አንዲት ቃል ናት፤ በኦሮምኛው «ጃለቴ» ይላል፣ ወድዳ ማለት ነው፣ አፍቅራም ማለት ነው። የትኛውን ልበል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወድዳ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እንደተጻፈው ተርጉመው። አላውቅም ማለትህን እኔ እጨምራለሁ።»

በሁለተኛው ቀን ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ። «ስምህን አልጠራም፣ ጸሐፊው ብዬ ነው የማልፈው» አሉኝ። «ግን አገሩ ትንሽ ነው፣ ያውቁሃል። ካልፈለግህ አሁን ንገረኝ፣ እተወዋለሁ።»

«እንደፈለጉ» አልኩ። በኋላ ሰዎች ይህን ድፍረት አድርገው ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ድፍረት አልነበረም። እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም ጉልበት አልነበረኝም፤ እንደፈለጉ ማለት ከሁለቱም ያንሳል።

ክርክሩ የተላለፈ ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ ታይፒስቷ፣ የዘብ ኃላፊውና አንድ ጠበቃ። ሬዲዮኑ ፋይል መደርደሪያው ላይ ነው። ብዙ ሰው ተናገረ። አንዱ እርቅ ባህላችን ነው፣ ሕጉ ቤተሰብ አያፍርስ አለ፤ አጨበጨቡለት። ከዚያ የአዴ ሲቲና ድምፅ መጣ። ቀስ ብለው ነበር የሚያነቡት፣ እንደ ሒሳብ ትምህርት።

«አንቀጹ ልጅቷ ከፈቀደች ይላል። ያየኋቸው መዛግብት በሙሉ ፈቅዳለች ይላሉ። የፈቀደችበትን ቃል ግን አንዱም ላይ አላገኘሁም። አንዱን ጸሐፊ ወድዳ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ አላውቅም አለኝ። ታዲያ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁት። ደብተሬን ስጡኝ አለች አለኝ። ያቺ ልጅ በፍርድ ቤታችን የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ሰጥተናታል ወይ?»

አፈ ጉባኤው ጊዜዎ አልቋል አሏቸው። አመሰግናለሁ ብለው ተቀመጡ። ታይፒስቷ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ተመለሰች። ጠበቃው ለዘብ ኃላፊው አንድ ነገር በጆሮው ነገረው። እኔ ስምንት ሰዓት ተኩል የሚመጣ ባለጉዳይ ነበረኝና መዝገቡን ፈለግሁለት። ምን ተሰማህ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። መዝገቡ ከቦታው አለመገኘቱ አናዶኝ ነበር፤ የማስታውሰው እሱን ነው።

በማግሥቱ ሐጂ ሁሴን መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም። ያቺ ሴት የተናገረችውን ከየት አመጣችው አለኝ። ከኔ አልኩት። ልጄ ነው፣ ደምህ ነው አለ። አውቃለሁ አልኩ። ዞሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት አላናገረኝም። በየዒዱ ቤቱ እሄድ ነበር። ምግብ ይቀርብልኛል፣ እሱ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል። በልቼ እመለሳለሁ። በቀብሩ ቀን ከሌሎቹ ጋር አፈር መለስኩ። ሰዎች አለቀሰ ወይስ አላለቀሰም ብለው ሲከታተሉኝ ይታወቀኝ ነበር። አላለቀስኩም።

ያ አንቀጽ ቀረ። አዲሱ ሕግ ሲወጣ የጠለፈ ቢያገባም ይከሰሳል ሆነ። አዴ ሲቲና ብቻቸውን አላስቀሩትም፣ ብዙ ሰዎች ደክመውበታል፤ እሳቸውም እኔ ብቻ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ለፋጡማ ግን አልደረሰላትም፤ ሕግ ወደ ኋላ አይሄድም። የሴቶቹ ማደሪያ ቆይቶ ቆይቶ በሕዝብ መዋጮ ተሠራ፣ አንድ ረጅም ቆርቆሮ ቤት። ሲመረቅ አዴ ሲቲና ተወካይ አልነበሩም። በሚቀጥለው ምርጫ ስማቸው አልቀረበም፤ ለምን እንደሆነ ማንም በግልጽ አልተናገረም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ሮቤ ገበያው ዳር የዩኒፎርም ጨርቅ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። ባለፍኩ ቁጥር ሰላም እላቸዋለሁ፣ ወንበር ይስቡልኛል፣ ስለ ስንዴው ዋጋና ስለ ጉልበታቸው ሕመም እናወራለን። ስለ መዝገቡ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም።

እሑድ ሰደቃው ላይ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ከኋላ ነበሩ። ሼኩ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ልወጣ ስል ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ጠራችኝ። ፋጡማ ናት። በእርግጥ አውቃታለሁ፣ የወንድሜ ልጅ ሚስት ናት፣ አራት ልጆች አሏት፤ በሠርግና በቀብር እንገናኛለን። እዚህ አገኛታለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። አዴ ሲቲና ከዚያ ክርክር በኋላ ፈልገው እንዳገኟት፣ ዕረፍት በመጡ ቁጥር ቤቷ ይሄዱ እንደነበር ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ሙስጠፋ መጀመሪያ በሩን ዘግቶባቸዋል፤ እሳቸው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሦስተኛ ልጇ ጡት ሲተው ትምህርት አስጀመሯት። አሥረኛን ጨርሳ አቆመች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም አለች፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ።

እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ከዓመታት በፊት ልጠይቃት የሚገባኝን ለመጠየቅ ልቤ ተነሣሥቶ አልነበረም፤ አፌ ላይ መጣ፣ ጠየቅሁ። «ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ፣ ፈቅደሻል ወይ ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮ ምን ትይኝ ነበር?»

ትንሽ አሰበች። «አባቴ አጠገቤ ነበር። እሺ ነበር የምለው።»

«እንግዲያው ብጠይቅሽም ለውጥ አልነበረውም» አልኩ። ይህን ስል ከላዬ ላይ አንድ ሸክም የሚወርድ መስሎኝ ነበር።

«እንዴት ጋሼ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር። «እሺ እል ነበር። ግን ተጠይቄ ነበር የምለው።»

የሚታጠብ ዕቃ አለ ብላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።